ከቤርሳቤህ እስከ ዮጥባታ፦ ሦስቱን ቀበሮዎች ፍለጋ በበረሃ መንገድ

እሑድ፣ ቤርሳቤህ

እውነተኛ ቀበሮ የሚባሉት፣ ሳይንስ ቩልፔስ በሚል ስም የሰበሰባቸው፣ በዓለም 12 ዓይነት ናቸው። ሦስቱ በደቡብ እስራኤል፣ ከቤርሳቤህ ወደ ሙት ባሕርና ከሙት ባሕር በስተደቡብ ወዳለው የዓረባ ሸለቆ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራሉ። በዕብራይስጥ ሹዓል ማጹይ፣ ሹዓል ጹኪምና ሹዓል ሖሎት ይባላሉ፤ ከዚህ በኋላ ተራው ቀበሮ፣ የገደል ቀበሮና የአሸዋ ቀበሮ እያልን እንቀጥላለን። ተራውን “ቀይ ቀበሮ” ያላልነው ከባሌውና ከስሜኑ ጋር እንዳይምታታ ነው። የአገራችን ቀይ ቀበሮ በዘሩ ለተኩላ የቀረበ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም። በቅርብ ያየ ሰው ከዓይኑ ይለየዋል፤ የተኩላ ወገን ብሌን ክብ ነው፣ የቀበሮ ብሌን ግን ብርሃን ሲያገኘው ወደ ላይና ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይጠባል።

ጉዞው የተያዘው በመጋቢት መግቢያ፣ ጨረቃ በጠፋችበት ሰሞን ነው። ግንቦት ከገባ ሙት ባሕር ዳር ሌሊቱም አያስተነፍስም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ደግሞ በባትሪ መብራት የእንስሳ ዓይን ሲያበራ መለየት ይከብዳል።

ትንሽ የኪራይ መኪና በቀን 180 ሼክል ገደማ ተገኘች። ቤንዚን በሊትር 7 ሼክል ገደማ ነበር። የሚበላውንና የሚጠጣውን ሁሉ ከቤርሳቤህ ሸምቶ መውጣት ያዋጣል፤ ሙት ባሕር ዳር አንድ ጠርሙስ ውኃ እዚህ የስድስቱን እሽግ ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውኃ፣ በዚያ ላይ ለመኪናው 5 ሊትር ይያዛል። ከሐበሻ ሱቅ አምስት እንጀራ የያዘ እሽግ በ25 ሼክል ገዛን። በበረሃ አየር እንጀራ በሁለተኛው ቀን ጠርዙ መድረቅ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን ቆራርሶ ማድረቅና ለፍርፍር ማስቀመጥ ነው። በርበሬ፣ ዘይትና አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ካለ እራት አለቀ ማለት ነው።

ተራውን ቀበሮ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአሮጌው ከተማ በስተደቡብ ደረቁ ወንዝ አለ። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ ከቱቦ ሥር ወጥቶ በአጥሩ ሥር ሥር ወደ ቆሻሻ ገንዳዎቹ አቀና። እዚህ አገር ያለው ከአውሮፓው ያንሳል፣ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ጠጉሩም ወደ ደቡብ በተኬደ ቁጥር ወደ አመድማ ይገረጣል። ስለዚህ በቀይነቱ የሚፈልገው ሰው ይሳሳታል። መታየት ያለበት የጆሮው ጀርባ ነው፣ ጥቁር ነው። የጭራው ጫፍ ነጭ ነው። እነዚህ ሁለቱ አብረው ከታዩ ተራው ቀበሮ ነው፣ አለቀ። ከዱር ሥጋ በል የየብስ እንስሳት ሁሉ በዓለም ላይ ሰፊውን አገር የያዘ እሱ ነው። የሰውን ኮቴ መከተሉም ነገ ከነገ ወዲያ የምናየውን ጣጣ ያመጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከወዲሁ። በቀን፣ ሰው ሳይፈራ የሚጠጋ ቀበሮ ካለ መራቅ ነው። መንግሥት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የያዘ ማባበያ ምግብ ከአውሮፕላን በየሜዳው ይበትናል፤ በሽታው ግን ጨርሶ አልጠፋም። የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳያድር ሐኪም ዘንድና ሊሽካት ሀብሪኡት (የመንግሥት ጤና ቢሮ) መድረስ አለበት።

ሰኞ፣ ዓይንጋዲ

ዓራድ ከቤርሳቤህ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ከዓራድ ወዲያ 31 ቁጥር መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል፣ ፍሬን ይግላል፣ ከኋላ የጭነት መኪና ክላክስ ያንጋጋል። በከባድ ማርሽ መውረድ እንጂ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ አያዋጣም። ታች ሲደረስ ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ተወርዷል። ሙቀቱን ዳሎል የደረሰ ሰው ያውቀዋል፤ ዳሎል እንኳ ይህን ያህል ዝቅ አይልም።

በ90 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ሲኬድ ባሕሩ በስተቀኝ ነው። ማንም ሰው ለፎቶ ብሎ ከአስፋልቱ ወደ ባሕሩ መውረድ የለበትም። የባሕሩ ወለል በየዓመቱ ከ1 ሜትር በላይ እየወረደ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ከሥር የቀረውን የጨው ንጣፍ ከተራራው የሚመጣው ጨው አልባ የከርሰ ምድር ውኃ ያሟሟዋል፣ ላዩ ደህና እንደመሰለ ታቹ ባዶ ይሆንና በድንገት ይሰምጣል። በአጥር የተዘጉት የመዝናኛ ቦታዎች የፈረሱት በዚህ ነው።

ዓይንጋዲ ዳዊት ከሳኦል የተሸሸገበት ነው። የጥብቅ ሥፍራው መግቢያ 30 ሼክል ገደማ ነው። በክረምት የሰዓት አቆጣጠር በእኛ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ የመጨረሻው መግቢያ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ ፏፏቴውን ማየት የሚፈልግ በጠዋት ይግባ። ቀን ላይ ሽኮኮው በየድንጋዩ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ የዋልያ ዘመድ የሆነው ያዔል በየገደሉ ይግጣል። ቀበሮ ግን አንድም አይታይም። የገደል ቀበሮ እዚህ አገር ሙሉ በሙሉ የሌሊት እንስሳ ነው።

ይህ ቀበሮ እዚህ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከዚያ በፊት የኢራን፣ የአፍጋኒስታንና የፓኪስታን እንስሳ ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ዓይንጋዲ ከተገኘ በኋላ ግን በሲናይ፣ በዮርዳኖስ፣ በሳዑዲ፣ በዖማንና በኤምሬቶች ገደሎችም ተገኘ። ድሮም እዚያው ነበር፤ ሌሊት ገደል ላይ የሚፈልገው ሰው ነው ያልነበረው።

ሌሊት ጥብቅ ሥፍራው ውስጥ መግባት ክልክል ነው። አያስፈልግምም። ከእንግዳ ማረፊያው በላይ ወደ መስክ ትምህርት ቤቱ የሚወጣው የአስፋልት መንገድ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ቁልቁለቱንና ከሥሩ ያለውን የድንጋይ ክምር ደህና አድርጎ ያሳያል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቦታ መያዝ፤ ነፋሱ ከገደሉ ወደ እኛ እንዲነፍስ አድርጎ መቀመጥ፤ ስልክ ማጥፋት። ጨለማ ሲሆን የግንባር ባትሪውን በቀይ መሸፈኛ ሸፍኖ ከዓይን ጎን አስጠግቶ መያዝ፤ ከወገብ ከተበራ የእንስሳው ዓይን መልሶ የሚልከው ብርሃን ወደ ተመልካቹ ዓይን አይደርስም። ብርሃኑን ቀስ እያሉ ከታች ወደ ላይ ማንሸራተት እንጂ ማወናጨፍ አይገባም። ትልልቅ፣ የተራራቁና የማይንቀሳቀሱ ዓይኖች የያዔል ናቸው። ቀበሮ ሲሆን ዓይኖቹ ትናንሽና ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፣ ሁለት ሜትር ከፍ ብለው እንደገና ይበራሉ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ መጀመሪያ የተሰማው የጠጠር መንሸራተት ነው። ከዚያ ሁለት ዓይኖች ከድንጋዩ ክምር ወጡ። በ8 በ42 መነጽር ሲታይ ከአንድ የጎልማሳ ሰው ክንድ ብዙም የማይረዝም ሰውነት፣ ከኋላው ደግሞ ሰውነቱን የሚያህል ወፍራም ጭራ። ጫፉ ጥቁር ነው። ቀጥ ያለ ቋጥኝ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየና ዘለለ፤ የኋላ እግሮቹ ድንጋዩን አንዴ ብቻ ነኩት፣ ጭራው ወደ ግራ ተወርውሮ ሚዛኑን ያዘለት፣ ላይ ደረሰ። እስከ 3 ሜትር ድረስ እንዲህ መዝለል ለዚህ እንስሳ የዘወትር ሥራው ነው። ክብደቱ 1 ኪሎ ገደማ ብቻ መሆኑ፣ የመዳፉ ሥር ጠጉር አልባ መሆኑና ጥፍሮቹ ሹልና ቆልማማ መሆናቸው ነው ይህን ያስቻለው።

ላይ ከወጣ በኋላ የሠራው ሥራ ግን አደን የሚሉት አይነት አልነበረም። አፍንጫውን ከቋጥኝ ሥር እየከተተ ጥንዚዛና አንበጣ ይለቅም ነበር። ዋናው ምግቡ ነፍሳትና ፍራፍሬ ነው፤ በወቅቱ የጉመሮ ዘመድ የሆነውን የጸላፍን ፍሬ ይበላል፣ የሚያስፈልገውን ውኃም ከዚያው ስለሚያገኝ ምንጭ ዳር መውረድ ግድ አይለውም። በአንድ ሌሊት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዞራል። ጉድጓድ አይቆፍርም፣ የተከመረ ድንጋይ ስንጥቅ ይበቃዋል። ሌሎቹ ቀበሮዎች የተረፋቸውን ሲቀብሩ እሱ የመቅበር ልማዱ እምብዛም ነው። ወንዱና ሴቷ ጥንድ ሆነው አንድ ግዛት ይይዛሉ፤ በየካቲትና በግንቦት መካከል ከአንድ እስከ ሦስት ግልገል ይወልዳሉ።

ረጅም እጅጌና ሱሪ ሳይለብሱ እዚህ ማምሸት ጥሩ አይደለም። በሽኮኮ ቋጥኞች አካባቢ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮው ወደ ሰው የምታጋባው የቆዳ ቁስል ለወራት አይሽርም። ዝንቧ ድምፅ የላትም፣ ካልነከሰች አትታወቅም።

ማክሰኞ፣ ከዓይንጋዲ ወደ ራሞን

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ 90 ቁጥር መንገድ ግን ተዘግቷል። ሌሊቱን የኬብሮን ተራሮች ላይ ዝናብ ጥሏል። በተራራውና በባሕሩ መካከል ያለው መሬት ባዶ ድንጋይ ስለሆነ ውኃ አይመጥም፣ የጣለው ሁሉ ወደ ጠባቡ ሸለቆ ይሰበሰብና ከሰዓታት በኋላ ፀሐይ የሞቀው አስፋልት ላይ ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ እዚህ የሚያልፍ ሰው ማየት ያለበት የዓይንጋዲን ሳይሆን የኢየሩሳሌምንና የኬብሮንን አየር ትንበያ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሩጫ ውኃ ትንሽ መኪና ያነሳል። ፖሊስ መንገዱን እስኪከፍት ከሦስት ሰዓት በላይ ተቆመ። ከኛ ፊት የነበረው ሾፌር ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ ተኛ፤ ከሁሉም ብልህ እሱ ነበር።

በዓራድ ተመልሰን ዲሞና ላይ አንዲት የጎንደር እናት ቤት ቡና ተጠጣ። የገብስ ቆሎና ትኩስ ዳቦ ቀረበ። የጉዞው ምክንያት ሲነገራቸው ሳቁ። “ቀበሮ ለማየት ነው ይህን ሁሉ ቤንዚን የምታቃጥሉት? እኛ አገር ጠቦት ስትወስድብን በድንጋይ ነበር የምናባርራት፣ ልጆቼ!” እሳቸው የሚያውቋት የደጋው ቀበሮ ከተኩላ ወገን ናት፣ ጠቦት ትችላለች። 1 ኪሎ የምትመዝነው የገደል ቀበሮ ግን ጠቦት ቀርቶ ዶሮም ይከብዳታል። ሦስተኛው ሳይጠጣ መነሳት አልተፈቀደም፤ ለመንገድም ቆሎ በላስቲክ ተቋጠረ።

ከዚያ በየሩሓምና በስዴ ቦቄር በኩል ምጽፔ ራሞን ድረስ የሚነገር ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ምጽፔ ራሞን

ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ያህል ነው። ከዓይንጋዲ ጋር ያለው የከፍታ ልዩነት 1,200 ሜትር ይሆናል፤ ያ ማለት በአንድ ቀን ከሸሚዝ ወደ ጃኬት መግባት ነው። የራሞን ገደል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከስሜን ገደል ጋር ማወዳደር አይገባም፤ ስሜን ላይ ከታች አረንጓዴ አለ፣ እዚህ ያለው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ሻክሹካ ከዳቦና ከሰላጣ ጋር 58 ሼክል አስከፈሉን።

ሌሊቱን ገደሉ ውስጥ ማደር የሚፈቀደው በተወሰነው የብኤሮት ማደሪያ ነው። ከዚያ ውጭ ድንኳን መትከል ክልክል ነው። ከኔጌቭ በረሃ ሰፊው ክፍል ደግሞ የወታደር መተኮሻ ቀጠና ነው፣ ካርታው ላይ በቀይ ሰረዝ ይታያል። በሥራ ቀን ያለ ፈቃድ የሚገባ ሰው ቅጣቱ ብቻ ሳይሆን ያልፈነዳው ጥይት ያሳስበው።

ብኤሮት ላይ ተራው ቀበሮ ድንኳን ለድንኳን ይዞራል። ከደጅ ያደረ አንድ የቆዳ ጫማ ጠዋት በቦታው አልነበረም፤ 40 ሜትር ርቆ ከግራር ሥር ተገኘ፣ ምላሱ ተበልቶ። የላብ ጨው ያለበት ቆዳ ይወዳሉ። ጫማ፣ የምግብ ዕቃና የቆሻሻ ከረጢት ሁሉ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ማደር አለበት። ጎረቤት የሰፈሩት ወጣቶች ዳቦ እየወረወሩ ቪዲዮ ያነሱ ነበር። ደስ ይላል፣ ጉዳቱ ግን እነሱ ጋር አይቀርም። ለምን እንደሆነ ዓረባ ላይ ይታያል።

ሐሙስ፣ የሳማር አሸዋ

40 ቁጥር መንገድ ገደሉን አቋርጦ ቁልቁል ይወርድና ኬቱራ አጠገብ ከ90 ጋር ይገናኛል። በመካከሉ ቤንዚን ማደያ እንደልብ ስለሌለ ራሞን ላይ ሞልቶ መነሳት ነው።

በደቡብ ዓረባ አሸዋ ከተረፈባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሳማር ነው። የአሸዋ ቀበሮ አገር ይህ ነበር። እንስሳው ከሞሮኮ ተነስቶ ሰሃራን ተሻግሮ፣ ዓረቢያን ይዞ እስከ ፓኪስታን ይዘልቃል፤ የእኛም የአፋር ቆላ አለው። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከፍራንክፈርቱ ተጓዥ ከኤድዋርድ ሩፔል ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሐበሻ አገር ገብቶ ስሜን ድረስ ወጥቷል፤ ዋልያን፣ ጭላዳንና የስሜኑን ቀይ ቀበሮ ለሳይንስ ዓለም ገልጾ የሰየማቸው እሱ ነው።

እዚህ ግን የአሸዋ ቀበሮ ለመጥፋት ተቃርቧል። አዳኝ አልጨረሰውም፣ ድርቅም አልነበረም። የጨረሰው ዘመዱ ነው። በዓረባ ተምር ተተከለ፣ የከብት እርባታ ተከፈተ፣ የጠብታ መስኖ ተዘረጋ፤ ቆሻሻና ውኃ ሲገኝ ተራው ቀበሮ ከሰሜን ተከትሎ ወረደ። በረሃው ብቻውን ቢሆን ለእሱ አይበቃውም ነበር። 3 ኪሎ የሚመዝን ቀበሮ 1 ኪሎ ተኩል የሚመዝነውን ከምግቡም ከጉድጓዱም ያባርረዋል። ገበሬው ደግሞ በዚያው ቀበሮ ይማረራል፤ ሲጠማው የመስኖውን ጥቁር ቱቦ በጥርሱ ይበሳዋል። ብኤሮት ላይ የተወረወረው ዳቦ የሚቀልበው ይህን አሸናፊ ነው።

ስለዚህ ሳማር ላይ የሚፈለገው ኮቴ ነው። ሰዓቱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነው፤ ብርሃኑ ጋድም ስለሚል ጥልቀት የሌለው ኮቴ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ነፋስ ከተነሳ ሁሉም ይጠፋል። ኮቴውን ከፀሐይዋ ፊት ለፊት ሆኖ ማየት ይሻላል። የተራው ቀበሮ ኮቴ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የአራቱ ጣቶች መዳፍና የጥፍሩ ነጥብ ይለያል። የአሸዋ ቀበሮ ኮቴ ትንሽ ነው፣ በመዳፉ መካከል ረጅም ጠጉር ስላለው ጠርዙ ብዥ ይላል፤ ጠጉሩ ከትኩስ አሸዋ ይከላከልለታል፣ እንዳይሰምጥም ይረዳዋል። ሁለቱም ቀጥ ባለ መስመር ይራመዳሉ። ውሻ ግን ይዘበራረቃል።

ያገኘነው በአብዛኛው ጥርት ያለ ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ኮቴ ነው፣ ከተምር እርሻው አጥር ወጥቶ ወደ አጥሩ የሚመለስ። ከእርሻው ራቅ ብሎ፣ የአይጥ ጉድጓድ በበዛበት ጉብታ ላይ፣ አንድ ትንሽና ብዥ ያለ መስመር ነበር። ባለቤቱን ግን አላየነውም። አሸዋ ቀበሮ በዓይኔ አየሁ የሚል ጎብኚ ካለ፣ የጆሮው ጀርባ ጥቁር አለመሆኑን አጣርቶ እንደሆነ ይጠየቅ፤ የገረጣ ተራ ቀበሮ ሁሉ በባትሪ ብርሃን የአሸዋ ቀበሮ ይመስላል።

የኪራይ መኪና ኢንሹራንስ ከአስፋልት ውጭ አይሠራም፤ መኪናው ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ የቀረው በእግር ነው። አንድ ሌላ መኪና አሸዋ ውስጥ ተይዞ አገኘን። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ይበልጥ ይሰምጥ ነበር። መውጫው ይህ ነው፦ ነዳጅ መርገጥ ማቆም፣ የጎማውን አየር ወደ 18 ፒኤስአይ ማውረድ፣ ከጎማው ፊትና ከሆዱ ሥር ያለውን አሸዋ መጥረግ፣ ምንጣፉን ከሚነዳው ጎማ ሥር መክተት፣ ከዚያ መሪውን ቀጥ አድርጎ በለሆሳስ መንቀሳቀስ። አስፋልት ሲደረስ ሳይፈጥኑ ማደያ ሄዶ ጎማውን መልሶ መሙላት ነው።

ዮጥባታ ላይ አይስክሬም 19 ሼክል፣ መድጁል ተምር በኪሎ 35። ተምሩን ከከተማ ከመግዛት ከዚህ መግዛት ይሻላል።

ዓርብ፣ ሐይ-ባር

የሐይ-ባር ዮጥባታ ጥብቅ ሥፍራ በራስ መኪና፣ መስኮት ሳይከፈት ይታያል። የሥጋ በሎቹ ክፍል ለብቻው ነው። ሌሊት ለተመለከተ ሰው እዚህ ማየቱ የሚጠቅመው ጆሮና ጭራን በቀን ብርሃን ለማመሳከር ነው። ከቀበሮዎቹ ይልቅ ለሐበሻ ጎብኚ የሚገርመው ሜዳው ላይ ያለው፣ እግሩ ላይ ጥቁር መስመር ያለው የዱር አህያ ነው፤ በዱር የቀረው ዘመዱ ያለው በአፋር ደንከልና በኤርትራ ነው።

ዓርብ ቶሎ ይዘጋል። አውቶቡስም ከሰዓት በኋላ ይቆማል፣ ቅዳሜ ማታ ፀሐይ እስክትገባ አይንቀሳቀስም። የኪራይ መኪናው ቢሮ ቤርሳቤህ ላይ በእኛ 7 ሰዓት ስለሚዘጋ፣ ከዮጥባታ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሳያልፍ መነሳት ያስፈልጋል፤ የዘገየ ሰው እስከ እሑድ ያለውን ኪራይ ጨምሮ ይከፍላል።